የእናቴ የሐሞት ጠጠር፦ ኦፕራሲዮኑ እህል እስኪገባ ይቆይ ይሆን?

የደምበጫው መምህር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

እናቴ የምትኖረው ከደምበጫ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። እድሜዋ ሃምሳን ተሻግሯል፣ ሰባት ልጆች ወልዳለች፣ ታሞ መተኛትን እንደ ስንፍና የምትቆጥር ሴት ናት። ባለፈው የገና ማግስት ግን ሆዷን ይዟት አደረ። አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፤ «ጨጓራ ነው፣ ባክቴሪያም አለብሽ» ብለው ኦሜፕራዞልና ሌላ ሌላ እንክብል ሰጧት። ሁዳዴን ሙሉ ምንም አላላት። እኛም ሻረላት ብለን እግዜርን አመሰገንን።

የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ፈሰክን። ዶሮው ቅቤ የጠገበ ነበር። ሊነጋ ሲል ጀመራት። ከቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ተነሥቶ በጀርባዋ ወደ ትከሻዋ ይወጣል፤ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ ትንበረከካለች፣ አንዱም አይሆንላትም። አስመለሳት። ረፋድ ላይ ማንም ሳይነካው ለቀቃት። በሳምንቱ፣ ለዳግም ትንሣኤ፣ ዱለት ቀመስ አድርጋ ያው ደገማት።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ ይዣት ሄድኩ፤ አልትራሳውንድ ተነሣች። ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው፦ በሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ብዙ ጠጠሮች አሉ፣ ትልቁ 14 ሚሊ ሜትር፤ የከረጢቱ ግድግዳ 2 ሚሊ ሜትር፤ ዋናው የሐሞት ቱቦ 4 ሚሊ ሜትር፤ ጉበትና ቆሽት ደህና። ሐኪሙ «ከረጢቱ መውጣት አለበት። ዛሬውኑ የሚያሰኝ አይደለም፣ ግን ብዙ አታቆዩት» ብሎ ቀጠሮ እንድናሲዝ ነገረን።

እናቴ እምቢ አለች። «ሰኔ መጣ፣ ዘር አለ፤ ከዚያ ፍልሰታ አለ፤ እህሉ ይግባና በታኅሣሥ እናያለን» ትላለች። አጎቴ ደግሞ ሥር ምሶ የሚሰጥ አዋቂ አውቃለሁ እያለ ልቧን ይከፍለዋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያለ ቀዶ በማሽን ይፈጫል ብሎኛል። እውነት በመድኃኒት የሚሟሟበት መንገድ የለም? እስከ ታኅሣሥ ቢቆይስ ያሰጋል? የደረሰበት ወይም የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ።

የቡሬው ሹፌር

መምህር አትጨነቅ። የኔም ወንድም ጠጠር ነበረበት፤ ሲይዘው መሬት ላይ ይንከባለል ነበር። ውኃ በላይ በላዩ፣ ማታ ማታ ቢራ እየጠጣ በሽንቱ ወጣለት፤ ሲወርድ ቀጭ ብሎ ሰምቶታል። እናትህ ቢራ ካልወደዱ ጠላም ይሆናል፤ ብቻ የገብስ ይሁን።

ሲስተር ጎዛምን

ሹፌር፣ ወንድምህ እንኳን ዳነ። የሱ ግን የኩላሊት ጠጠር ነው። የኩላሊት ጠጠር መውጫው የሽንት ቧንቧ ስለሆነ ትንሹ በውኃ ብዛት ተገፍቶ ሊወርድ ይችላል። ሐሞት ከሽንት ጋር መንገዳቸው አይገናኝም፤ ሐሞት የሚወርደው ወደ አንጀት ነው። የመምህሩ እናት ጋን ሙሉ ጠላ ቢጠጡ ይሰክራሉ እንጂ ጠጠሩ ዘንድ የሚደርስ ነገር የለም።

መምህር፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍልም ድንገተኛ ክፍልም ሠርቻለሁ። ያያቸውን ሐኪም ልሽር አልመጣሁም፤ የጻፍከውን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። በጎጃም ከፋሲካ ማግስት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኖ የሚያውቅ ሰው የእናትህን ታሪክ ገና ሳይጨርሱት ያውቀዋል።

በግ ሲታረድ አይተሃል። ጉበቱ ሥር የተለጠፈችው አረንጓዴ ከረጢት፣ ፈርጣ ጉበቱን እንዳታመርር ቢላውን አዙረው ቀስ ብለው የሚያወጧት፣ እሷ ናት። በሰውም ያው ናት። ሐሞቱን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ከረጢቷ ያንን ተቀብላ ታጠራቅማለች፣ ውኃውን እየመጠጠች ታወፍረዋለች። ቅባት ያለው ምግብ ሲገባ ትጨማደድና ሐሞቱን ወደ አንጀት ትረጫለች። ሐሞቱ ውስጥ ኮሌስትሮል ከልክ ሲያልፍ፣ ወይም ከረጢቷ በደንብ ሳትራገፍ ስትቀር፣ ዝቃጩ በዓመታት ውስጥ እየጠጠረ ይሄዳል። እርግዝና ሲደጋገም፣ እድሜ አርባን ሲያልፍ፣ ውፍረት፣ ስኳር፣ በዘር ሲኖር፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ ሲቀነስ እድሉ ይጨምራል። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ሰባት የወለዱ እናት ላይ ቢገኝ የሚገርም አይደለም።

ሕመሙ የሚመጣው ከረጢቷ ለመርጨት ስትጨማደድ ጠጠሩ አንገቷ ላይ ሲሸጎር ነው። ጠጠሩ ወደ ውስጥ ሲመለስ ሕመሙም ይለቃል፤ ረፋድ ላይ ማንም ሳይነካው ተዋቸው ያልከው ይኸው ነው። ሁዳዴን ሰላም የከረሙትም ሥጋና ቅቤ ስለሌለ ከረጢቷን በኃይል የሚያስጨንቃት ነገር ስላልመጣ ነው። ሁዳዴ በሠራው ኦሜፕራዞል ተመሰገነበት። ጾሙን ግን እንዳትወቅሱት፤ ጠጠሩ የዓመታት ሥራ እንጂ የሁለት ወር አይደለም። ያስነሣው አፈሳሰኩ ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ፣ በሌሊት፣ ቅቤ የጠገበ ዶሮ።

ባክቴሪያው ደግሞ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ እዚህ አገር ብዙ ሰው ሆድ ውስጥ አለ፣ መታከሙም ክፋት የለውም። ግን ሁለት በሽታ አንድ ሆድ ውስጥ ይኖራል። እኔ ታማሚ ሲመጣ የማየው እጁን ነው። የጨጓራ ሰው «የት ነው የሚያቃጥልዎ?» ሲባል መዳፉን እምብርቱ በላይ፣ ልቡ ሥር ያሳርፋል። የሐሞቱ ሰው ቀኝ ጎኑን ይይዝና ሌላኛው እጁ ወደ ኋላ ዞሮ ትከሻውን ይፈልጋል፤ ይህ ሁሌ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ጣቱን ከቀኝ ጎድን ሥር አጥልቆ «ተንፍሺ፣ ወደ ውስጥ ሳቢ» ይላል። ከረጢቷ ተቆጥታ ከሆነ ትንፋሹ መሐል ላይ ቀጥ ይላል።

አሁን ወረቀትህን እንይ። ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር፦ እስከ 3 ደህና ነው፣ ስለዚህ ከረጢቷ አልተቆጣችም። ቱቦው 4፦ እስከ 6 ድረስ አይከፋም፣ ስለዚህ አልተወጠረም። እነዚህ ሁለቱ ናቸው ሐኪሙን «ዛሬውኑ የሚያሰኝ አይደለም» ያሰኙት። ነገር ግን አልትራሳውንድ ከረጢቷ ውስጥ ያለውን ጠጠር አጥርቶ እንደሚያሳየው ቱቦው ውስጥ የወደቀውን አያሳይም፤ አንዳንዱ ያመልጠዋል። ስለዚህ የጉበት የደም ምርመራ፣ በተለይ ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የሐሞት ቀለም)፣ ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቅ፤ ካልተሠራ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይሠራ።

ጠጠር የተገኘበት ሁሉ አይቀደድም። ጠጠር ካለበት ሰው አብዛኛው እድሜ ልኩን ሳያውቀው ይኖራል። ለእርግዝና ወይም ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ተነሥቶ በአጋጣሚ የታየበት፣ ምንም ሕመም የሌለው ሰው ቢመጣ «ተወው፣ ኑሮህን ኑር» ነው የሚባለው። ጠጠሩ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ወይም የከረጢቷ ግድግዳ ካልሲየም ገብቶበት ደርቆ ሲገኝ ለየት ይላል። እናትህ ግን በገናም፣ በፋሲካም፣ በዳግም ትንሣኤም ታመዋል። አንዴ ማመም የጀመረ ጠጠር ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም ብለህ ብታስብ ይሻላል። የሚለየው ይህ እንጂ የጠጠሩ ትልቀት አይደለም፤ እንዲያውም ትንንሾቹ ናቸው ሾልከው ቱቦ የሚዘጉት።

የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ ይባላል። የሚሠራው ጠጠሩ የኮሌስትሮል ሆኖ፣ ካልሲየም ሳይገባበት፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ነው፤ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት በየቀኑ ይዋጣል፣ ተሟሙቶም በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህሉ ሰው ላይ ተመልሶ ይሠራል። የእናትህ ትልቁ 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ገንዘብ ማባከን ነው። በማሽን መፍጨት የሚባለው ለኩላሊት ነው። ለሐሞትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ተሠርቶበት ነበር፤ ከረጢቷ እዚያው ስለምትቀር ጠጠሩ ተመልሶ ይሠራል፣ ስብርባሪውም ቱቦ ይዘጋል፤ በዚህ ምክንያት ቀረ ማለት ይቻላል።

የታኅሣሡ ነገር። ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ ሰባት ወር ነው፤ መሐሉ ክረምት ነው። የሚያስፈራኝ ሕመሙ አይደለም፤ ሕመሙ የሚመጣበት ቦታና ጊዜ ነው። ጠጠሩ ተሸጉሮ ካልተመለሰ ከረጢቷ ትቆጣለች፦ ሕመሙ ከስድስት ሰዓት በላይ አይለቅም፣ ትኩሳት ይከተላል። ወደ ቱቦው ከወረደ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል። ቢጫነቱ ላይ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ከተጨመረ ቱቦው መርቅዟል ማለት ነው፤ ያ ሰዓታት እንጂ ቀናት አይሰጥም። የቆሽቱን አፍ ከዘጋው ደግሞ ሆድን አልፎ ጀርባ የሚወጋ፣ ማስመለሱ የማይቆም ሕመም ይመጣል። ይህ በነሐሴ ሌሊት ቢመጣ እናትህን በቃሬዛ ተሸክማችሁ በዚያ ጭቃ አስፋልት ላይ የምትደርሱት ስንት ሰዓት ነው? እሱን አንተ ታውቃለህ። በዚያ ላይ የተቆጣ ከረጢት ከጉበትና ከአንጀት ጋር ይጣበቃል፤ ሰላም በሆነ ጊዜ ቀላል የነበረው ኦፕራሲዮን ይከብዳል። አሁን ቀኑን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

የአጎትህን ሥር ምሶ ተዉት። ጸበል ከፈለጉ ይጠጡ፣ ይጠመቁ፤ ከቀጠሮው ጋር አይጣላም። ሥሩ ግን ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ ሳይታወቅ የሚዋጥ ነገር ነው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ «ምን ወስደዋል?» ሲላቸው ደግሞ አይነግሩትም፤ ሁሉም እንደሚደብቀው ይደብቁታል።

ጤና በቤታችን

ሲስተር ሁሉን ነገር ወደ ቢላ መውሰድ ምን ይባላል? አንድ ብርጭቆ የወይራ ዘይት ከሎሚ ጭማቂ ጋር ማታ ጠጥታችሁ በቀኝ ጎናችሁ ተኙ። በማግስቱ አረንጓዴ አረንጓዴ ጠጠር ተፈናቅሎ ይወጣል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ብዛቱ ያስደነግጣል።

ሲስተር ጎዛምን

ያየኸውን አላስተባብልም። ግን ያየኸው ጠጠር አይደለም። ያ ሁሉ ዘይት ከሎሚው ጋር ሆድ ውስጥ ሲዋሐድ ሳሙና የመሰለ ለስላሳ ኳስ ይሠራል። ውጭ አገር ላቦራቶሪ ተመርምሮ ኮሌስትሮልም ቢሊሩቢንም ካልሲየምም ያላገኙበት ነገር ነው፤ ቅባት አሲድ ነው ያገኙት። ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፤ ይቀልጣል። የሐሞት ጠጠር ፀሐይ ላይ አይቀልጥም።

ለመምህሩ እናት ደግሞ ይህ ከንቱ ብቻ አይደለም። አንድ ብርጭቆ ዘይት በአንዴ ማለት ከረጢቷን ባለ በሌለ ኃይሏ እንድትጨማደድ ማዘዝ ነው። ፋሲካ ሌሊት የደረሰባቸውን ሆን ብሎ መጥራት ነው።

እሙ ሳሚ ከባሕር ዳር

ሲስተር ያለችው ቢጫነት በኔ ደርሷልና ልናገር። እኔ ሦስተኛ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ነበርኩ። ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ በቅቤ፣ የዶሮው ነገር አይነሣ። ጎኔን ወጋኝ ስላቸው «የአራስ ነው፣ ማሕፀን ቦታው ሲመለስ ነው» አሉኝ። አንድ ጠዋት እናቴ መስኮቱን ከፍታ ዓይኔን አየችና ዝም አለች። ሽንቴ የቡና አተላ ነው የመሰለው። ሰውነቴን ያሳክከኛል፤ በተለይ መዳፌንና እግሬን፣ ሌሊት እንቅልፍ አይሰጠኝም።

አክስቴ «የወፍ በሽታ ነው፣ ሐኪም አያውቀውም» ብላ ከገጠር ቅጠል አስመጣች። አዋቂው መድኃኒቱ እስኪሠራ መርፌ እንዳይነካት ብሎ አዝዟል። መርፌ ከነካት ትሞታለች! ይህን ስንቱ ሰው ያምነዋል መሰላችሁ፤ ከዶክተሩ ይልቅ መርፌው ያስፈራል። ባሌ ነው እምቢ ያለ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት እንደ ወባ ሲያንቀጠቅጠኝ ልብስ ጠቅልሎ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደኝ።

የወፍ በሽታ የሚባለው ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ የኔ ግን ጠጠር ነበር፤ ከከረጢቱ ወርዶ ዋናውን ቱቦ ዘግቶታል። መጀመሪያ ጉሉኮስና የመርፌ አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። ትኩሳቱ ሲወርድ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልኝ። እዚያ በአፍ በኩል ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብተው የሐሞቱን መውጫ ትንሽ ሰንጠቅ አድርገው ጠጠሩን ስበው አወጡት። ኢአርሲፒ ይሉታል። ሆዴ ላይ ምንም አልተቀደደም። ከረጢቷን ግን በሌላ ቀን ለብቻ አወጧት፤ «እሷን ብንተዋት ሌላ ጠጠር ትልክልሻለች» ነው ያለኝ ሐኪሙ። ለወጪው አንድ በሬ ተሽጧል፤ የአማቴ በሬ። እስካሁን ስንጣላ ይነሣብኛል።

መምህር፣ ዓይናቸውን በፀሐይ ብርሃን እይ። በኩራዝ ወይም በአምፖል ብርሃን ቢጫ አይታይም።

የደምበጫው መምህር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲስተርም እኅቴ እሙ ሳሚም። የጻፋችሁትን በሙሉ ትናንት ማታ ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። የመርፌውን ወሬ ስትሰማ ጸጥ አለች፤ ለካ አጎቴም ያንኑ ነግሯት ኖሯል። አሁን «እስቲ እነዚያን ሰዎች ጠይቅልኝ» ያለችው ነገር አለ፤ እንዳለችው ልጻፈው።

«ከረጢቱ ከወጣ ሐሞት ከየት ይመጣል? ሰው ያለ ሐሞት እህል ይወርድለታል ወይ?» ቀጥሎ «ከተቀደድኩ ፍልሰታን እጾማለሁ ወይ?» ቀጥሎ «እንስራ መሸከም እችላለሁ ወይ?» መጨረሻ ላይ ደግሞ «ያን ጠጠር ያሳዩኛል? ሳላየው አላምንም» ብላለች።

የኔ ጥያቄ፦ ሁለት ዓይነት ኦፕራሲዮን አለ ይላሉ፤ ልዩነቱ ምንድን ነው? እስከዚያስ ምን እናብላት?

ሲስተር ጎዛምን

እማማ እንዲህ የሚጠይቁ ከሆነ ደስ ይላል። «እናንተ እንዳላችሁ» ከሚል ታማሚ የሚጠይቅ ታማሚ ይሻለኛል።

ሐሞቱን የሚሠራው ጉበት ነው፣ ጉበቱን ማንም አይነካውም። ከረጢቷ ስትወጣ ሐሞቱ ሳይጠራቀም በቀጥታ ወደ አንጀት እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ እህሉም ይወርዳል። አንዳንድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ ቅባት ሲበላ፣ ሆዱ ይላላል፤ አብዛኛው ይለምዳል። ለእናትህ እንዲህ በላቸው፦ ፈረስም አህያም ከተፈጥሯቸው የሐሞት ከረጢት የላቸውም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ አገው ፈረሰኞች የሚያስጋልቧቸው እነዚያ ሁሉ ፈረሶች ያለ ከረጢት ነው የሚበሩት። ሥራውም አዲስ አይደለም፤ መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1882 በርሊን ላይ፣ ካርል ላንገንቡኽ በሚባል ሐኪም ነው። መምህር ነህና ታውቀዋለህ፤ የኛ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ምኒልክ እምባቦ ላይ የተዋጉበት ዓመት ነው።

አንደኛው ዓይነት በላፓራስኮፒ ነው። ሆዱን በጋዝ ነፍተው በአብዛኛው በአራት ትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ አስገብተው ያወጡታል። ብዙዎቹ በማግስቱ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ወደ ቀላል ሥራ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ትከሻዬን አመመኝ ቢሉ አትደንግጡ፤ ከጋዙ ነው፣ በጥቂት ቀን ይሄዳል። ሁለተኛው ክፍት ቀዶ ነው፣ ከቀኝ ጎድን ሥር በአንድ ረዘም ያለ መስመር፤ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ያስተኛል፣ ከባድ ነገር እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ አያሸክምም። የሚወጣው ያው ከረጢት ነው። ላፓራስኮፒ በሁሉም ሆስፒታል የለም፣ ባለበትም ወረፋ ሊኖር ይችላል። በላፓራስኮፒ ተጀምሮ ወደ ክፍት ቢዞርም ነገሩ ተባብሷል ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ በደንብ ካላየ ከፍቶ ማየቱ ብልህነት ነው። አደጋ የለውም አልልህም። ከ1000 ሰው ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ የሐሞት ቱቦው ሊነካ ይችላል፤ ደም መፍሰስና መመርቀዝም አለ። ለዚህ ነው የሚያስፈርሙህ፤ ሳታነብ አትፈርም፣ ጠይቅ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ቢሠሩ በክፍት እንኳ ቢሆን ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስድስት ሳምንቱ ያልቃል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ነው። ቁስሉ ከዳነ ሕክምናው ጾም አይከለክልም፤ ቀሪውን የንስሐ አባታቸው ይንገሯቸው፣ ለታማሚ ቤተ ክርስቲያንም ታዝናለች። እንስራውን ግን እስከዚያ ሌላ ሰው ይሸከመው። ሰባት ልጆች ወልደው እንስራ የሚሸከምላቸው ከጠፋ የዚያን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይዘህ ና። የጤፉን ዘር ደግሞ ወንዶቹ ይዝሩት።

እስከዚያ ቅቤ፣ ጮማ፣ ዱለት፣ በዘይት የተጠበሰ ይቅር። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ አተር ክኩ ይሁን፤ ዘይቱ ግን ይቀነስ፤ የጾም ዘይት ነው ተብሎ ኑጉ እንደ ውኃ እንዳይፈስበት፤ ለከረጢቷ ዘይትም ቅባት ነው። አሁን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ሠርጉም ማኅበሩም ይበዛል፣ «ለአንድ ቀን ምን አለበት» የሚል አጉራሽ አይጠፋም። ተርበው እንዲውሉም አልፈልግም፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ። ሕመሙ ከጀመረ ምግብ ይቁም። ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛችሁ ደጋግማችሁ አትስጧቸው፤ ጨጓራ አለባቸው ተብሏል፣ መድማት ያመጣል። ሐኪሙን የሚስማማቸውን ማስታገሻ አስቀድመህ አስጽፈው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ የዘንድሮው ክፍያ መመዝገቡን ደብተሩ ላይ እይ፤ ሪፈሩም ከጤና ጣቢያቸው ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ ይጻፍ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄዱ መድህኑ ሙሉውን ላይሸፍን ይችላል፤ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሰው ሲጨቃጨቅ የሚውለው በዚህ ነው። የአልትራሳውንዱን ወረቀት እንዳትጥለው፤ ፎቶም አንሣው። ደም ሊሰጥ የሚችል አንድ ጤነኛ ዘመድም አዘጋጅ፤ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ጠጠሩን ያሳዩዋቸዋል፣ ጠይቁ ብቻ። እኛ ክፍል በጓንት ጣት ቋጥረን ለቤተሰብ የሰጠነው ብዙ ነው። ከረጢቷ ግን አትሰጥም፤ ለፓቶሎጂ ምርመራ ትላካለች። አልፎ አልፎ ውስጧ ዕጢ ይገኛል፣ ስለዚህ ውጤቱን ሳትቀበሉ እንዳትቀሩ። ስፌት ሊያስፈቱ ሲመጡ ጠይቁ፣ ካልደረሰም ሌላ ቀን ተመልሳችሁ ውሰዱት።

የደምበጫው መምህር

ተነበበላት። «ፈረስ ከሌለውማ እኔም አልፈልገውም» ብላለች። አጎቴ ግን አኩርፏል። ሰኞ ጤና ጣቢያ ሪፈሩን ላስጽፍ ነው፤ ደብተሩ የዘንድሮ ክፍያ ተመዝግቦበታል። ሲስተር፣ ቢሊሩቢኑ ለካ አልተሠራም፤ ወረቀቶቹ መሐል ፈልጌ አጣሁት። እዚያው ጤና ጣቢያ ይሠሩት ይሆን?

ሲስተር ጎዛምን

ሁሉም ጤና ጣቢያ የለውም። ሪፈሩን ሲጽፉልህ ጠይቃቸው፤ ከሌላቸው ማርቆስ ስትደርሱ በመጀመሪያው ቀን ይታዘዝላቸው፣ ያኔ ለውጤት ብላችሁ ሁለቴ አትመላለሱም። ሌሊቱን ስትጓዙ ቁርስ ቋጥርላቸው። ቅንጬ ከሆነ ያለ ቅቤ።